አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ
(በሲያትል ከተማ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር የተጠየቅነው ያለፈውን ክረምት በአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ በልምምድ ሥራ ስላሳለፍን፣ ያየነውን እንድናካፍላችሁ ነው። «እኛ» ስንል ሁለት የዲዛይን ተማሪዎች ነን፤ ንግግሩን አንዳችን ብናነበውም የጻፍነው በአንድነት ነው። ክረምት ማለታችንም ያገራችንን ልማድ ይዘን ነው እንጂ፣ ሲያትል ከጥቅምት ጀምሮ ስታካፋ ከርማ ፀሐይ የምታየው በዚሁ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የኩባንያውን ስም አንጠራም። ይኸውም የፈረምነው ውል ስላለ ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ ያንድ ኩባንያ ነገር ባለመሆኑ ጭምር ነው።

ይህን በመጽሔቱ አገር ቤት ሆነው ለሚያነቡት አንድ ነገር አስቀድመን እንንገር። በተማሪ ቪዛ፣ ማለት በኤፍ-1 የመጣ ሰው እንደ ልቡ ተቀጥሮ ሊሠራ አይችልም። ከግቢው ውጭ ለመለማመድ፣ ባብዛኛው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር፣ ሥራው የትምህርቱ ክፍል መሆኑን ማስመስከርና የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። በዚህ ፈቃድ 12 ወር ሙሉ ጊዜውን የሠራ ተማሪ፣ በዚያው የትምህርት ደረጃ ከተመረቀ በኋላ የሚሰጠውን የ12 ወር የሥራ ፈቃድ ያጣል። የኛ ልምምድ 12 ሳምንት ብቻ ስለነበረ ይህ አልነካንም፤ የምናነሣው ደንቡን ሳያጣራ የሚፈርም ሰው እንዳይኖር ነው።

ሲያትል ዱሮ ስሟ የሚነሣው በአውሮፕላን ነበር፤ ቦይንግ የተቋቋመው በ1916 በዚህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን)። ዛሬ የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ከሐይቁ ማዶ በሬድመንድ ይገኛል፤ አማዞንም በ1994 የተመሠረተው በዚሁ አካባቢ ነው። በዚህችው ከተማ በሬይኒየር ጎዳና ወገኖቻችን እንጀራ ይጋግራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ በአየር ማረፊያው ሻንጣ ያነሣሉ። በ2013 የሲታክ ከተማ ሕዝብ ለአየር ማረፊያውና ለሆቴሎቹ ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር እንዲሆን በድምፅ ሲወስን፣ በቅስቀሳው ከደከሙት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪቃ ስደተኞች ይገኙበታል። በተከታዩ ዓመት የሲያትል ምክር ቤትም ደመወዙን በየደረጃው ወደዚያው የሚያሳድግ ሕግ አወጣ። እኛ በልምምድ ስም በወር የተከፈለን ገንዘብ ግን ወላጆቻችን በዓመት ከሚያገኙት ይበልጥ ነበር። ይህን ስንናገር ደስታም እፍረትም ይሰማናል።

የተሰጠን ሥራ ሰዎች በስልካቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የሚይዙበትን ፎርም ማስተካከል ነበር። ፎርሙ በብዙ ቋንቋ ይወጣል፤ አማርኛም አንዱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ንድፉ በእንግሊዝኛ ያልቃል፤ ሣጥኑ፣ ስፋቱ፣ መስመሩ ሁሉ ይወሰናል፤ ቃላቱ ከዚያ በኋላ ለተርጓሚ ይላካሉ። ተርጓሚው ፎርሙን አያየውም፤ የሚደርሰው የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉድለቱን ሁሉ በተርጓሚው ማላከክ ትክክል አይደለም።

የመጀመሪያውን አራት ሳምንት ስሕተቱን እያየን ዝም አልን። ይህን ሳንደብቅ መናገር አለብን። ልምምዱ ሲያልቅ ቋሚ ሥራ መገኘቱ ባለቃው ሪፖርት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ «ያገራቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ» እንዳንባል ፈራን።

ዝምታችንን ያስተወችን አንዲት ማታ ናት። በምንሠራበት ፎቅ ወለሉን የሚያጸዱ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ፤ እኛ «እትዬ» እንላቸዋለን፣ እሳቸው «ልጆቼ» ይሉናል። ፎርሙን እስኪ ይሞክሩልን ብለን ስልኩን ሰጠናቸው። «ስምህን አስገባ» ይላል። እትዬ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ፤ ማን ወንድ እንደቆመ ሊያዩ ነው። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እንግሊዝኛ ይህን ትእዛዝ ሲሰጥ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም። አማርኛ ግን ሳይመርጥ አፉን መክፈት አይችልም፦ አስገባ፣ አስገቢ፣ ያስገቡ። የመረጠለት ሰው ከሌለ ማሽኑ ሰውን ሁሉ አንተ ይላል።

ቀጥሎ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን መጣ። «የየትኛው ቤተሰብ? የኔ ነው የባለቤቴ?» ብለው ጠየቁን። ያባታቸውን ስም ጻፉ። ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ደግሞ በዚያው ሣጥን የሚገባው የባለቤታቸው ስም ሆነ፤ የልጁ አባት ናቸውና። በፎርሙ ዓይን እናትና ልጅ ባዕድ ሆኑ ማለት ነው። ስለ ልደት ቀን ባንናገር ይሻላል፤ ብዙ ስደተኞች በወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ መሆናቸውን ታውቃላችሁ።

ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። ፎርሙ የጧቱን ቀጠሮ «9 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ አማርኛ ከሆነ እትዬ 9 ሰዓትን የሚያነቡት ከቀትር በኋላ አድርገው ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ሐኪሙም ቀጠሮውን ለሌላ ሰጥቷል። «እንዲህ ያለ ነገር ባንድ ክሊኒክ ደርሶብኛል፤ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅሁ» አሉን።

እዚህ ላይ ያለፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፊደላችንን ከመኪና ጋር ለማስማማት ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች በጽሕፈት መኪናው ዘመን ደክመዋል። ኮምፒዩተር ሲመጣም ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በየፊናቸው ፕሮግራም ሠሩ፤ ያንዱ ደብዳቤ በሌላው ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታም የግዕዝ ፊደልና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ ወጣ። ፊደሉ እንግዲህ ገብቷል። ያልገባው በፊደሉ የሚናገረው ሰው ነው፤ ስሙ፣ አክብሮቱ፣ 13ቱ ወሩ፣ ከጧት 12 ሰዓት ጀምሮ የሚቆጥረው ቀኑ።

በአምስተኛው ሳምንት ነገሩን ባለቃችን ፊት አቀረብን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ አዳመጠን። ከዚያም «ባማርኛ የሚጠቀሙት ስንት ናቸው?» ሲል ጠየቀ። ቁጥሩን አናውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም። ቢሆንም ከመካከላችን አንዱ፣ የቤተሰብ ስም የሌላቸው ሕዝቦች በኢንዶኔዥያና በደቡብ ሕንድም እንዳሉ አስረዳ። ይህን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ የስም ሣጥኖች አንድ እንዲሆኑ ተስማሙ። ትእዛዙም «ያስገቡ» ወደሚለው ተለወጠ፤ ወጪ የለውምና። የሰዓቱ ጉዳይ ግን ቀረ። «ለሚቀጥለው ዓመት» ተባለ። ከጠየቅነው ሁሉ በሰው ጤና ላይ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ለሁለታችንም ቋሚ ሥራ ተሰጠን። እዚህ ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። አንዳችን፣ ውስጥ ገብቶ የሰዓቱን ነገር የሚያስጨርስ ሰው ከሌለ «የሚቀጥለው ዓመት» አይመጣም ብሎ ፈርሟል። ሌላችን፣ ባንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፈቃድ ከመለመን አገር ቤት ገብቶ ከመጀመሪያው ባማርኛ የሚታሰብ ፎርም መሥራት ይሻላል ይላል፤ ለመመለስ የሚያስፈልገው ገንዘብና ሥራ ከየት እንደሚገኝ ግን ገና አላወቀም። ከልምምዱ ወዲህ በየሳምንቱ እንከራከራለን፤ ዛሬም ስንመጣ አውቶቡስ ላይ ተከራክረናል።

እስከዚያው አንድ ሥራ ይዘናል። በየቅዳሜው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ ባገራችን አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ከእትዬና ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠን በስልካቸው ላይ የሚመጣውን አማርኛ እናነባለን፤ የሳተውን እንመዘግባለን። እስካሁን ሁለት ደብተር ሞልቷል። መጻፍ የሚችል ሰው ያስፈልገናል። አገር ቤት ያላችሁም የባንኩን፣ የመብራቱን፣ የትምህርት ቤቱን ፎርም እያያችሁ ጻፉልን።

አሁን ጥያቄያችሁን እንስማ።