ኮሌጁ፣ ዝምታውና አባ እንባቆም

(ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እንደ አዲስ አበባው ጠመንጃ ያዥ ባለ ሠፈር ሐዘን ሲደርስ፣ ከእድሩ ድንኳን ሥር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይከራል።

አሜሪካ፣ ዊተን ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2015። ላሪሺያ ሆኪንስ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ መምህርት ለሙስሊሞች አጋርነታቸውን ለማሳየት ሂጃብ ለበሱ። ኮሌጁን ያሳሰበው ግን ሂጃቡ ሳይሆን፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አንድ አምላክ ያመልካሉ ማለታቸው ነበር። ከሥራ ታገዱ፤ በ2016 መጀመሪያም ከኮሌጁ ጋር ተለያዩ።

በክርስቲያን ኮሌጆች ዙሪያ የሚነሣው ሌላው ስጋት የተመስጦ ጸሎት ነው፤ ጸጥ ብሎ አንድ ቃል እየደጋገሙ መጸለይ። ተቺዎቹ «ከቡድሃና ከሂንዱ የተቀዳ ነው» ይላሉ። መቁጠሪያ ይዞ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ለሚያደርሰው ኦርቶዶክሳዊ ይህ ክስ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም ይነሣሉ። ከየመን የመጡ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ሊቅ ናቸው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ለራሱ ለግራኝ «አንቀጸ አሚን»ን ጻፉ፤ ለክርስትና የተሟገቱት ቁርአንን እየጠቀሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1553 ደግሞ «በራላምና ይዋስፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። የዚህ ክርስቲያናዊ ታሪክ ሥር፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የቡድሃ ገድል ነው! በዚህም እምነታቸው አልፈረሰም።

ስጋቱን ከንቱ አልለውም። ልጁን ወደ ኮሌጅ የላከ ወላጅ ምን እንደሚያስተምሩት መጠየቅ መብቱ ነው። ግን የሌላውን መጽሐፍ ማንበብና የሌላውን እምነት መቀበል ለየቅል ናቸው፤ እንባቆም ሁለቱን አላምታቱም።

(ሙዚቃ)