የካንቲኑ ልጅ



በመርከበኞች ምረቃ ላይ እንግዳ ሆኖ የሚቆም ሰው ስለ ካፒቴኖች ማውራት ይወዳል። እኔ ግን በመርከብ ላይ ሲጋራና ብስኩት ይሸጥ ስለነበረ የ16 ዓመት ልጅ ልንገራችሁ። ቶሚ ብራውን ይባላል። ፔታርድ በተባለች የእንግሊዝ ዲስትሮየር የጦር መርከብ የካንቲን ሠራተኛ ነበር። ለመቀጠር ሲል ዕድሜውን ዋሽቷል።

ጥቅምት 20 ቀን 1935 ዓ.ም. ፔታርድ ከሌሎች መርከቦች ጋር ሆና በሜዲትራኒያን ባሕር ዩ-559 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ ስታሳድድ ዋለች። ፈንጂ ሲዘንብባት የዋለችው ሰርጓጅ ሲመሽ ወደ ላይ ወጣች፤ ጀርመኖቹም ውሃ እንዲገባባት ከፍተው ጥለዋት ወጡ። የመቶ አለቃ አንተኒ ፋሰንና ባሕረኛው ኮሊን ግሬዘር ዋኝተው ገቡባት። ቶሚም ተከተላቸው። የካንቲን ልጅ እዚያ ምን ጥልቅ አደረገው? እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ ውሃው ይጨምራል። ሁለቱ ከታች የኮድ መጻሕፍት ያቀብላሉ፣ ቶሚ በመሰላሉ እየተመላለሰ ያወጣል። የኮድ መጻሕፍቱ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ስለዚህ ሳይረጥቡ መውጣት ነበረባቸው። ቶሚ «ውጡ!» ብሎ ሲጣራ ሰርጓጇ ድንገት ሰጠመች። እሱ ተረፈ፤ ሁለቱ ቀሩ።

ጀርመኖች ኢኒግማ በሚሉት የምስጢር ማሽናቸው ላይ አራተኛ ጎማ ከጨመሩ ወዲህ፣ በብሌችሊ ፓርክ ያሉት የእንግሊዝ ኮድ ፈቺዎች የአትላንቲክ ሰርጓጆችን መልእክት ማንበብ ከተሳናቸው አሥር ወር ሆኗቸው ነበር። ከወጡት መጻሕፍት አንዱ የአየር ጠባይ ዘገባ የሚያጥርበት ነው። ዘገባው በምን ኮድ እንደሚጻፍ ሲታወቅ የማሽኑን ቁልፍ መገመት ተቻለ። ታኅሣሥ 4 ቀን መልእክቱ ተነበበ።

ለሟቾቹ ጆርጅ ክሮስ፣ ለቶሚ ጆርጅ ሜዳል ተሰጠ። የብሌችሊ ምስጢር ለሕዝብ እስኪነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ቶሚ ለዚያ አልደረሰም፤ በ1937 ዓ.ም. ቤታቸው ሲቃጠል ታናሽ እህቱን ሊያድን ገብቶ ሞተ።

እኔ በሞተር ክፍል ስሠራ ለዓመታት ምግብ ያቀረበልኝን ሰው ሙሉ ስም ያወቅሁት በስንብቱ ቀን ነው። ዛሬም ያሳፍረኛል። ልጆቼ፣ መርከብ በወጣችሁ በመጀመሪያው ቀን ወደ ኩሽናው ጎራ በሉና ምግብ የሚያቀርብላችሁን ሰው ስም ጠይቁ።