ለጠባብ ጓሮ የሚስማማ አጭር የፖም ዛፍ

በወላይታ ደጋ ለሚገኙ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በወላይታ አገር መሬት እየጠበበ መሄዱን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አባት የነበረውን ለልጆቹ ሲያካፍል፥ ልጆቹም በተራቸው ሲያካፍሉ፥ የአንድ ቤተ ሰብ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በታች ሆኗል። በዚያችው መሬት ላይ እንሰቱ፥ ድንቹ፥ ገብሱና ባቄላው፥ የከብቱም ሣር አለ። ስለዚህ «የፍሬ ዛፍ ትከሉ» ስትባሉ «የት ላይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ የተገባ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ አጭር ዛፍ መትከል ነው።

ስለ አጭር ዛፍ ሲነሣ፥ በውጭ አገር በገንዳ ተተክሎ በሥዕል የሚታየውን ቼሪ የሚመኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ቼሪ የብርድ አገር ዛፍ ነው። በዓመት ውስጥ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ጊዜ አለው፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ በደንብ እንዲያብብም አብዛኛው ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ700 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ብርድ በሶዶና በአካባቢዋ የለም። ዛፉ ቅጠል ቢያወጣም ፍሬ አይሰጥም፤ ገንዘባችሁም ይባክናል።

ከቼሪ ይልቅ ለደጋችሁ የሚቀርበው ፖም ነው፤ ብዙዎቻችሁ አፕል የምትሉት ማለት ነው። ምስክሩም ሩቅ አይደለም። በጎረቤታችን በጋሞ ዞን፥ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጨንቻ ደጋ፥ በሚስዮናውያን የገባው ፖም ዛሬ ለብዙ ገበሬ የገቢ ምንጭ ሆኗል። እዚያም እንደ እናንተ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ፖሙም የሚበቅለው በየቤቱ ጓሮ ከእንሰቱ አጠገብ ነው።

ነገር ግን ፖም በሁሉም ቀበሌ አይሆንም። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣችሁ ቍጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳሞታ ተራራ 500 ሜትር ሽቅብ የወጣ ሰው 3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ያገኛል። ስለዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ያላችሁ ፖምን በተስፋ ትከሉ። በ2,000 ሜትር አካባቢ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ሁለት ዛፍ ብቻ ሞክሩ፤ ያውም ጥቂት ብርድ የሚበቃቸውን አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉትን ዝርያዎች። በሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ የምትኖሩ ፖሙን ተዉት፤ ለእናንተ የተዳቀለ ማንጎ ይሻላችኋል።

አሁን ዛፉ በምን እንደሚያጥር ልንገራችሁ። የፖም ዛፍ ከፍሬው ዘር ቢበቅል 8 ሜትር ያህል ሊዘረጋ ይችላል፤ ከ60 ካሬ ሜትር በላይ መሬት ይሸፍንባችኋል፤ ለፍሬም ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እናቱን አይመስልም። የተዳቀለ ችግኝ ግን ሁለት ዛፍ በአንድ ላይ ነው። ላይኛው ቅርንጫፍ የፍሬውን ዐይነት ይወስናል፤ ታችኛው ግንድ ደግሞ የዛፉን ቁመት ይወስናል። በእንግሊዝ አገር በ1913 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ እነዚህን ታችኛ ግንዶች ለይቶ ቍጥር ሰጣቸው። ኤም 9 የተባለው ዛፉን ከ2 እስከ 3 ሜትር ያስቀረዋል፤ ሥሩ ደካማ ስለ ሆነ ግን ዕድሜ ልኩን ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። ኤም ኤም 106 የተባለው ወደ 4 ሜትር ያህል ያድጋል፤ በገረዛ ግን በ3 ሜትር ሊቆም ይችላል፤ ሥሩም ጥጥ የመሰለ ነጭ ልባስ ያለውን የፖም ቅማል ይቋቋማል። ለጓሮ ኤም ኤም 106፥ ለገንዳ ኤም 9 ይስማማል።

ስለዚህ ችግኝ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ላይኛው ምንድን ነው? ታችኛውስ ምንድን ነው? ሻጩ ሁለቱን መንገር ካልቻለ አትግዙ። ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎም የድቀላው ጠባሳ መኖሩን በዐይናችሁ እዩ። ጠባሳ የሌለው ችግኝ ከዘር የበቀለ ነው፤ ይህንም የምታውቁት ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ይሆናል።

ደግሞም አንድ ዛፍ ብቻውን በደንብ አያፈራም፤ የአበባው ዱቄት ከሌላ ዝርያ መምጣት አለበት። አና እና ዶርሴት ጎልደን አንዱ ለሌላው ይሆናሉ። ለሁለት ዛፍ የሚበቃ ቦታ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተማከሩ፤ አንዱ አናን፥ ሌላው ዶርሴት ጎልደንን በአጥሩ ግራና ቀኝ ይትከል። ንቦቹ አጥር አይከለክላቸውም፤ ፍሬውም ለሁለቱም ቤት ይሆናል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፥ ውሃ የማይተኛበት፥ ከእንሰቱ ጥላ የራቀ ቦታ ምረጡ። ጥልቀቱም ስፋቱም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጕድጓድ ቆፍሩ፤ የላይኛውን ዐፈር ለብቻው አስቀምጡና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። መሬታችሁ አሲዳማ ከሆነ ስለ ኖራው የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። በሁለት ዛፍ መካከል 3 ሜትር ተዉ፤ እንዲህ ከሆነ አንዱ ዛፍ የሚወስድባችሁ 9 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ይህን ነው፤ የድቀላው ጠባሳ ከዐፈር በላይ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ይታይ። ጠባሳው ከተቀበረ ላይኛው ቅርንጫፍ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ያሳጥር የነበረው ታችኛው ግንድም ሥራውን ያጣል። አጭር ብላችሁ የገዛችሁት ዛፍ እንሰታችሁን የሚጋርድ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። በኋላ ዐፈር ስታለብሱም ሆነ ጉዝጓዝ ስታደርጉ ጠባሳውን አትሸፍኑ። ከጠባሳው በታች የሚወጣውንም ቡቃያ ሁሉ ወዲያው ንቀሉት።

ስትተክሉ ግንዱን ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ቍረጡት። ከሚያወጣው ቅርንጫፍ አራቱን ወይም አምስቱን በየአቅጣጫው አስቀሩ፤ ለስላሳ ሳሉም በገመድ ወደ ጎን ጎተት አድርጋችሁ እሰሩአቸው። ሽቅብ የቆመ ቅርንጫፍ እንጨት ያበዛል፤ ጋደል ያለ ቅርንጫፍ ግን ቶሎ ያፈራል። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ቢያወጣ ልጁ ሳይጠነክር ሸክም አታሸክሙት፤ አበባውን ቀንጥሱ። ፍሬ ሲጀምርም ከየዘለላው አንድ አንድ ብቻ አስቀርታችሁ አሳሱ፤ የቀረው ይወፍራል፤ ቅርንጫፉም አይሰበርም።

በቂ ብርድ በሌለበት አገር ዛፉን በእጅ ማስተኛት ይቻላል። በኢንዶኔዥያ፥ በምሥራቅ ጃቫ ባለችው በባቱ፥ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን ሁሉ በእጅ ያራግፋሉ፤ ዛፉም እንደ ገና ያቈጠቍጣል፥ ያብባልም። እናንተም ፍሬውን ከለቀማችሁ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በአንድ ዛፍ ላይ ሞክሩት። አበባው ከብርቱ ዝናብ ጋር እንዳይገናኝ ግን ወራቱን አስቡ።

በሶዶ ከተማ ግቢ ጠባብ ለሆነባችሁ፥ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለሁለት ቢቈረጥ ሁለት ገንዳ ይወጣዋል። መርዝ ወይም ዘይት የነበረበት አይሁን። ከታች ቀዳዳ አብጁለት፤ ሁለት እጅ ለም ዐፈር፥ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ሙሉበት። በገንዳ ያለ ዛፍ ውሃ ፍለጋ ሥሩን አርቆ መስደድ አይችልምና በበጋ በየዕለቱ ጣታችሁን ዐፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ ፈትሹ፤ ከደረቀ አጠጡት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ለገበሬው ችግኝ ስታከፋፍሉ የሁለቱንም ግንድ ስም ጽፋችሁ ስጡ፤ ጠባሳውንም በጣታችሁ እየጠቈማችሁ አሳዩ። ያ ጠባሳ ዐፈር ከገባ የሁላችሁም ድካም አብሮ ይቀበራል።

ገበሬዎች ሆይ፥ መሬታችሁን ማስፋት ባይቻል ዛፋችሁን ማሳጠር ይቻላል። በሁለት ዛፍ ጀምሩ፤ ከተሳካላችሁ ጨምሩ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።