ነቅቶ ዝም ያለው ተማሪ

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የላክናቸውን ልጆቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

ጉዳዩ የማጭበርበሪያ ኢሜይል ነው። አጭበርባሪው ሬጅስትራር ወይም ባንክ መስሎ «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፤ የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ» ይላል። ተማሪው ደንግጦ ካስገባ ቁልፉ ሌባ እጅ ገባ። ሌባውም በተራው በልጁ ስም ለጓደኞቹ ይጽፋል።

በጓደኛ ስም የሚመጣው ምን ያህል እንደሚያታልል በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በራሳቸው ተማሪዎች ላይ ሞክረው ነበር። ላኪው የማያውቁት ሰው ሲሆን 16 በመቶው ተታለሉ። ጓደኛቸው ሲመስል ግን 72 በመቶው! እኛን ይበልጥ ያስገረመን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሙከራው ተነግሯቸው አስተያየት እንዲጽፉ ሲጋበዙ «እኔ ተታልያለሁ» ብሎ የጻፈ አልተገኘም። ብዙዎቹ እንዲያውም እነርሱ በፍጹም እንደማይሸወዱ ነበር የጻፉት።

የኛዎቹ ልጆች ከዚህ ይለያሉ ትላላችሁ? አይመስለንም። የተታለለው ያፍራል። ያልተታለለው ደግሞ «እኔ ነቅቻለሁ» ብሎ መልእክቱን ያጠፋና ይተኛል። በተለይ የሚያሳስበን ይህኛው ነው። እርሱ ያጠፋው መልእክት እኮ ገና ላልነቃ የዶርም ጓደኛውም ደርሶ ሊሆን ይችላል። ለዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍል ቢያስተላልፈው ባለሙያዎቹ አሳሳቹን አድራሻ ሊዘጉ፣ ከሌሎች ተማሪዎች ሳጥን ሊያወጡትም ይችላሉ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረን የለም እንዴ? ይህም መንገድ ነው።

«መልእክቱ የመጣው በጓደኛዬ ስም ነው፤ ባመለክት ሐሜት ይሆንብኛል» የሚል ቢኖርስ? ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) በ«ሪያዱ አስ-ሷሊሒን» ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ሲዘረዝሩ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን አንዱ አድርገውታል። እዚህ ላይ ደግሞ ጓደኛው ራሱ ስሙ የተሰረቀበት ተበዳይ ነው፤ ቶሎ ቢነገርለት የሚጠቀመው እርሱ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ልጁ ማታ ደውሎ «ባባ፣ የይለፍ ቃሌን ሰጠሁ» ሲል «ምን ዓይነት ሞኝ ነህ!» ካልነው ሁለተኛ አይነግረንም። ይልቅ «ቀየርከው? ሌላ ቦታ የተጠቀምክበትንስ? ለዩኒቨርሲቲው አሳወቅክ?» እንበለው። የባንክ ቁጥሩንም ሰጥቶ ከሆነ ሳያድር ለባንኩ ይደውል።