ሥራ የሚለካው በተሰቀለ ኮት አይደለም!

(የመንግሥት ሠራተኞች በተገኙበት ውይይት ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችን ቀርቶ የማያውቅ አንድ ሠራተኛ አለ። እሱም ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት ነው! ባለጉዳይ መጥቶ «የት ሄዱ?» ሲል፣ «አሉ፤ ኮታቸው ይኸው» ይባላል። ኮቱ አለ፤ ባለኮቱ ግን የለም።

ታዲያ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ይሥራ ሲባል «ማን ይቆጣጠረዋል?» ብለው የሚጮኹት፣ እነዚሁ ኮት ሲቆጣጠሩ የኖሩ አለቆች ናቸው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ። ከመጋቢት 16 ጀምሮ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። ጥሩ! ግን በምን ይሥራ? ፋይሉ ቢሮ፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ኮምፒዩተሩም እዚያው ተቆልፎበት! ስንቶቻችን ቤት ተቀመጥን እንጂ ቤት ሆነን አልሠራንም።

ይህም ሳያንስ፣ ሰኔ 23 ቀን የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በተነሳው ሁከት መንግሥት ኢንተርኔቱን ለሳምንታት ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። «ቤትህ ሆነህ ሥራ» እያሉ መስመሩን መቁረጥ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ አይደለም እንዴ?

ጎበዝ! ነርሷ፣ ዘበኛው፣ መስኮት ላይ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ቤታቸው ይዋሉ የሚል የለም። ሪፖርት የሚያጠናቅር፣ ሂሳብ የሚያመሳክር፣ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከቤቱ ቢሠራ ምን ይጎድላል? የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያልቀው ጉልበቱና ደመወዙ ይተርፍለታል። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች እናት ሥራዋንና ልጇን ከማማረጥ ትድናለች። ደረጃ መውጣት ያቃተው አካል ጉዳተኛም ችሎታው አይባክንም።

ቁጥጥሩስ? ቀላል ነው። ሰኞ 20 መዝገብ ተረክበሃል፤ ዓርብ ስንቱን ጨረስክ? በቃ! ቢሮ ተቀምጦ ለሚያንቀላፋውም ይኸው ጥያቄ ይቅረብለት።

ግን አደራ! ኮምፒዩተሩንና የኢንተርኔቱን ወጪ መሥሪያ ቤቱ ይቻል። ከኪሳችን ከሆነ የደመወዝ ቅነሳ ነው። ፈቃዱም በጽሑፍ በሰፈረ መመሪያ ይሁን፤ አለቃ ለወዳጁ የሚያድለው፣ ለተቀየመው የሚነፍገው ስጦታ እንዳይሆን። መስመሩም በባለሥልጣን ትእዛዝ እንደ ቧንቧ አይከፈት፣ አይዘጋ።

ያኔ ኮታችንን ከወንበሩ አንስተን እንለብሰዋለን!