የውሃ መሳቢያው ሞተር አልነሳ ሲል
(በኩታበር ለመስኖ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



የበልጉ ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ ድንቹንና ሽንኩርቱን ከመድረቅ የሚያድነው በወንዙ ዳር የቆመው የቤንዚን ሞተር መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። ሞተሩ አልነሳ ሲል ግን ብዙ ሰው ክንዱ እስኪዝል ገመዱን ሲስብ ይውላል፤ በማግስቱም በአህያ ጭኖ ደሴ ያደርሰዋል። ሦስት አራት ቀን በዚህ ያልፍና ተክሉ ይጠወልጋል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የእሳት ብልጭታ ማጣት ስለሆነ፣ እዚያው ማሳው ዳር ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ማብሪያውን ተመልከቱ። አትሳቁ፤ እኔ ራሴ ከኮሌጅ በወጣሁ ሰሞን በሰው ፊት ገመዱን ስጎትት ቆይቼ፣ ማብሪያው መዘጋቱን ያሳየኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን በደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ዘይቱን ለኩ፤ አንዳንዱ ሞተር ዘይት ሲያንሰው ብልጭታውን ራሱ ይቆርጣልና።

ከዚያ ሞተሩ ሲበርድ፣ አፈር እንዳይገባበት ዙሪያውን ጠርጋችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። በቤንዚን ከራሰ አድርቁት። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ አየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ወይም ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ጠባይ ልብ በሉ። የደጋ አየር ስስ ነው፤ ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡሬተር ለዚህ አየር ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ካንዴላውን ብትጠርጉትም ቶሎ ይጠቁራል። መፍትሔው የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን ዕቃ በመካኒክ ማስገባት ነው። ነገር ግን ያንኑ ሞተር ቆላ አውርዳችሁ ብታሠሩት ከመጠን በላይ ይግላልና እንደገና ማስለወጥ ይገባል።

ካንዴላው ከጸዳ በኋላ የሁለቱን ጫፎች ክፍተት ለኩ፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ብልጭታውን እንፈትን። የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ፤ የፈሰሰውንም ጥረጉ፤ ይህን የናቀ ሰው እጁን ሊያቃጥል ይችላል። ያወጣችሁትን ካንዴላ ወደ ቦታው መልሱና ሌላ ትርፍ ካንዴላ በሽቦው ቆብ ላይ ሰክታችሁ፣ እጀታው ጎማ በሆነ ጉጠት ይዛችሁ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ሌላ ሰው ገመዱን ይሳብ። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ጥፋቱ ወይ በአሮጌው ካንዴላ ወይ በነዳጁ ነው። ብልጭታ ከሌለ ወደ ማብሪያው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉና ድገሙት። ያን ጊዜ ብልጭታ ከመጣ ጥፋተኛው ማብሪያው፣ የዘይት መቆጣጠሪያው ወይም የተላጠ ሽቦ ነው። እኛ አገር ሽቦ የሚልጠው ብዙ ጊዜ አይጥ ነው፤ ሞተሩን ከጭድ ጋር አታሳድሩት።

ያም ካልሆነ ቦቢናውን መጠርጠር ነው። እንደ ድሮ የጀልባ ሞተር ፑንቲና ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ ደግሞ ፑንቲናው ዝጎ ወይም ክፍተቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከቮላኖው ሥር ወይም ከጎኑ ነው። ቮላኖውን በመዶሻ እየመቱ ማውጣት ስብራት ያመጣል፤ የራሱ መንቀያ አለውና ለመካኒክ ተዉት። እስካሁን ያያችሁትንም ንገሩት፤ ያላያችሁትን ጠግኛለሁ ብሎ አያስከፍላችሁም።

ካንዴላውን መልሳችሁ ስታስገቡ መጀመሪያ በጣታችሁ አዙሩት። መቀመጫው ከያዘ በኋላ አዲስ ከሆነ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ አጥብቁት።