ገጹ ቀለለ፣ አማካዩ ከፋ

እሱ፦ የዩቲዩብ መሐንዲስ የነበረው ክሪስ ዛካሪያስ 1.2 ሜጋባይት የነበረውን የቪዲዮ ገጽ ከ100 ኪሎባይት በታች አወረደው። አማካይ የመክፈቻ ጊዜው ምን ሆነ መሰለሽ?

እሷ፦ ይቀንሳል እንጂ ምን ይሆናል!

እሱ፦ ጨመረ።

እሷ፦ እንዴ፣ አትቀልድ!

እሱ፦ የምሬን ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነባቸው የእስያና የአፍሪካ አካባቢዎች ድሮ 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ማን ይጠብቃል? ገጹ ሲቀል ከ2 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ቪዲዮው ይጀምር ጀመር። የዚያ ሰዎችም ገብተው አማካዩ ውስጥ ተቆጠሩ።

እሷ፦ አሃ! ድሮ ከቁጥሩ ውጪ ነበሩዋ። የኛዎቹ ድረ ገጽ ሠሪዎች ደግሞ በቢሮ ዋይፋይ ሞክረው «ፈጣን ነው» ሲሉ ያናድደኛል። በዳታ የሚገባው ሰው እኮ ለእያንዳንዷ ሜጋባይት ይከፍላል!

እሱ፦ መፍትሔው ፎቶውን አሳንሶ መለጠፍ፣ ከታች ያለውን ደግሞ ሰው ወደዚያ ሲወርድ ብቻ መጫን ነው።

እሷ፦ ከላይ የሚንሸራተተው ትልቁ ባነርስ?

እሱ፦ እሱንማ አንሱልን!